የቆሮሶ ጠብና የቦታ ነገር

የጨርጨር ተራሮች ጀርባ የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው። በቦኬ በኩል የሚወርደው ውኃ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይሄዳል፤ በሚኤሶና በአሰቦት በኩል ያለው ቆላ ደግሞ ወደ አዋሽ ያዘነብላል። ከጭሮ እስከ በዴሳ፣ ከገለምሶ እስከ ሂርና ያለ ሰው የአገሩን ሀብት ሲቆጥር ቡናውን፣ ጫቱን፣ ማሽላውንና በቤት ተቀልቦ የሚደልበውን ሰንጋ ይጠራል፤ ዓሣ ከቁጥር አይገባም። ሆኖም የባቡሩን መስመር ይዞ ከሚኤሶ ወደ ምዕራብ የተጓዘ ሰው አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይደርሳል፤ በፓርኩ ሰሜናዊ ክፍል ደግሞ ዘንባባ የከበባቸው የፍል ውኃ ኩሬዎች አሉ። ውኃው ጥርት ያለ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ሙቀቱም 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚደርስ ነው። በእነዚህ የአዋሽ ፍል ውኃዎች ውስጥ የሚኖረውን ቆሮሶ በለንደኑ የብሪታንያ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ ስታጠና የኖረችው ኤተልዊን ትሬዋቫስ እ.ኤ.አ. በ1983 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመችው ትልቅ መጽሐፍ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ አድርጋ መዘገበችው፤ ስሙንም ከቦታው ወስዳ «ፊሎአ» አለችው። ለምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ከሚቀርቡት ሲክሊዶች አንዱ እንግዲህ ይህ ነው። ሲክሊድ የሚባለው የዓሣ ቤተሰብ ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ብቻ ከ1,700 በላይ ናቸው፤ በመስታወት ገንዳ ዓሣ በሚያረቡ ሰዎች ዘንድም በውበቱና በጠበኝነቱ እኩል የታወቀ ነው። ሰዎች ይህን ጠብ ለማብረድ የሞከሩትን ሁሉ በታሪክ ቅደም ተከተል ሲያዩት አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። እነዚህ ዓሦች በመራቢያቸው ወቅት የሚጣሉት ስለ ቦታ ነው፤ የሠራው መፍትሔም ሁሉ ቦታን ያስተካከለው ብቻ ነው።

ነገሩን ከውኃው መጀመር ይሻላል። የቆሮሶ ወንድ የመራቢያው ጊዜ ሲደርስ ወደ ዳር፣ ውኃው ወደሚሳሳበትና ወለሉ አሸዋ ወይም ጭቃ ወደሆነበት ይወጣል። አሸዋውን በአፉ እየዘገነ ከቦታው ራቅ አድርጎ ይተፋል፤ ደጋግሞ እንዲህ ሲያደርግ ሳህን የመሰለ ክብ ጉድጓድ ይወጣለታል። የትልቅ ወንድ ጉድጓድ ስፋቱ እስከ ሜትር ሊደርስ ይችላል። በዚያ ሰሞን ጭንቅላቱና የታችኛው አካሉ ወደ ቀይ ይለወጣል። ጎረቤቱም በአጠገቡ እንዲሁ ይቆፍራል፤ ዳሩ በጉድጓድ ይሞላል። አንዱ የሌላውን ድንበር ሲያልፍ ጠቡ ወዲያው ንክሻ አይሆንም። መጀመሪያ ጎን ለጎን ቆመው ክንፋቸውን ይዘረጋሉ፤ ቀጥሎ በጅራታቸው ውኃውን እየገፉ አንዱ የሌላውን ጉልበት ይለካል፤ ያልተስማሙ እንደሆነ አፍ ለአፍ ተያይዘው ይጓተታሉ። አንዱ መሸነፉን ሲያውቅ ክንፉን አጥፎ ይሸሻል፤ አሸናፊውም እስከ ድንበሩ ያሳድደውና ይመለሳል። ሴቷ መጥታ በጉድጓዱ ውስጥ ትጥላለች፤ እንቁላሉ እንደተዳቀለም በአፏ ሰብስባ ትሄዳለች። ውኃው ሞቅ ካለ አሥር ቀን ገደማ ምግብ ሳትቀምስ በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። ወንዱ በጫጩቱ እንክብካቤ ምንም ድርሻ የለውም፤ ለሚቀጥለው ሴት ጉድጓዱን ይጠብቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ደመቀ አድማሱ በ1990ዎቹ በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ባደረገው ጥናት ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ቢራባም የሚበረታባቸው ወቅቶች እንዳሉት አሳይቷል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው የተሸናፊው መንገድ ነው፤ ሐይቁ ሰፊ ስለሆነ የሚሸሽበት አለው። ጠቡ በደቂቃ የሚያልቀውም ለዚህ ነው። ይኸው ዓሣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ሲገባ ጠባዩ አልተለወጠም፤ የጠፋው መሸሻው ነው። የተሸነፈው ከአሸናፊው ዓይን መሰወር ስላልቻለ በአሸናፊው ዘንድ ጠቡ እንዳላለቀ ይቆጠራል፤ ቅርፊቱ እስኪወልቅ፣ ክንፉ እስኪቀደድ፣ አንዳንዴም እስኪሞት ይመታል።

የሰው ልጅ ይህን ዓሣ በኩሬ ማኖር የጀመረው ከመስታወቱ ብዙ ሺህ ዓመት በፊት ነው። በብሪታንያ ሙዚየም የሚገኘው የግብፃዊው የነባሙን መቃብር ሥዕል፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1350 ዓመት ገደማ የተሣለው፣ በዛፍ የተከበበ የአትክልት ሥፍራ ኩሬ ያሳያል፤ በኩሬው ውስጥ የሚዋኙት ቆሮሶዎች ከሐይቆቻችን ዓሣ ጋር የአንድ ዘር ናቸው። በዚያ ዓይነቱ ሰፊ ኩሬ የዓሣ ጠብ ራስ ምታት የሚሆንበት ምክንያት አልነበረም። ችግሩ የመጣው ዓሣው ከአራት የመስታወት ግድግዳ መካከል ሲገባ ነው። የለንደን የእንስሳት ማቆያ የዓሣ ቤቱን ለሕዝብ የከፈተው በ1853 ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት የፊሊፕ ሄንሪ ጎስ መጽሐፍ ሲታተም በገንዳ ዓሣ ማኖር በብሪታንያ የየቤቱ ፋሽን ሆነ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ገደማ ሲክሊዶች ከደቡብ አሜሪካና ከአፍሪካ ወደ ጀርመን ገንዳዎች ገቡ፤ ወዲያውም ክፉ ስም ወጣላቸው። ተክል ይነቅላሉ፣ ወለል ይቆፍራሉ፣ የገዛ ጓዳቸውን ይገድላሉ ተባለ። የመጀመሪያው መፍትሔም የዋህ ነበር፤ ጠበኛውን መለየት፣ ሁለቱን ብቻቸውን ማስቀመጥ፣ ሌላውን ሁሉ ማውጣት። ባልና ሚስቱ ያለ ረባሽ ሰላም ያገኛሉ ተብሎ ታሰበ። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ሌላ ዓሣ ሲጠፋ ወንዱ ወደ ሴቷ ይዞራል።

ይህን ነገር ለዓለም ያስተዋወቀው ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝ ነው። በ1963 ባወጣው ስለ ጠብ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ከደቡብ አሜሪካ የመጡ፣ ወንድና ሴቷ አንድ ላይ ሆነው ጫጩት የሚያሳድጉ ሲክሊዶችን ይተርካል። ጥንዶቹ በመስታወት በተከፈለ ገንዳ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ በመስታወቱ በኩል ጎረቤታቸውን እያዩ ቁጣቸውን ወደዚያ ይወረውራሉ፣ እርስ በርሳቸውም ይስማማሉ። ቀን እየሄደ ግን መስታወቱ አልጌ ያበቅላል፤ ጎረቤቱም ይሸፈናል። ያን ጊዜ ወንዱ ሴቷን ማንገላታት ይጀምራል። ገንዳውን የሚከታተሉት ሰዎች መስታወቱን ማጽዳት ያለባቸው መቼ እንደሆነ ከአልጌው ይልቅ ከባልየው ጠባይ ያውቁ ነበር፤ መስታወቱ ሲጸዳ በጥንዶቹ መካከል ሰላም ይመለሳል። ይህ ትዝብት ሲክሊድ ያረባ ሁሉ የሚያረጋግጠው ስለሆነ እውነትነቱ አያጠራጥርም። አከራካሪው ሎሬንዝ የሰጠው ትርጓሜ ነው። በእሱ አመለካከት ጠብ በእንስሳው ውስጥ በራሱ ጊዜ የሚጠራቀም ጉልበት ነው፤ መውጫ ካላገኘ በቅርብ ባገኘው ላይ ይፈሳል፤ ስለዚህ ለጠቡ ማፍሰሻ መስጠት ግድ ነው። ሎሬንዝ በ1973 ከካርል ፎን ፍሪሽና ከኒኮ ቲንበርገን ጋር የኖቤልን ሽልማት ሲካፈል ይህ አስተሳሰቡ ከዓሣ አልፎ ስለ ሰው ጦርነት በሚደረገው ክርክር ውስጥም ገብቶ ነበር። ለዓሣ አርቢውም የተረፈለት ምክር አጭር ነው፤ ለወንዱ የሚመታው ሌላ ዓሣ አስገባለት የሚል። ብዙ ምስኪን ዓሣ በዚህ ምክር ምክንያት መመቻ ሆኖ አልቋል።

የምክሩን መሠረት የነቀለው የራሱ የሎሬንዝ ተማሪ የነበረው ቫልተር ሃይሊገንበርግ ነው። ከኡርሱላ ክራመር ጋር በ1972 ባሳተመው ጥናት በታንጋኒካ ሐይቅ አካባቢ የሚገኝ ቡርቶኒ የሚባል ሲክሊድ ወንዶችን ትናንሽ ዓሦች ካሉበት ገንዳ አስገብቶ ስንት ጊዜ እንደሚያጠቁ ቆጠረ። የዚህ ዝርያ ወንድ ይዞታ ሲኖረው በዓይኑ ላይ ጥቁር መስመር ይወጣበታል፤ መስመሩን ያየ ሌላ ወንድ ለጠብ ይነሣሣል። ተመራማሪዎቹ መስመር ያለው ምስለ ዓሣ ሲያሳዩት የወንዱ ጥቃት ጨመረ፤ ለቀናት ደጋግመው ሲያሳዩት ጭማሪው እየተጠራቀመ ሄደ። ምስሉንና ተቀናቃኙን ከዓይኑ ሲያርቁለት ግን ጥቃቱ ቀስ በቀስ ቀነሰ። ጠብ ከውስጥ የሚጠራቀም ቢሆን ኖሮ ብቻውን የከረመው ዓሣ በጣም የተቆጣው መሆን ነበረበት፤ ሆኖ የተገኘው የበረደው ነው። ታዲያ አልጌ የሸፈነው መስታወት ነገር እንዴት ይታረቃል የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። ጥንዶቹ ለብቻቸው ሲቀሩ ወንዱ ተነጥሏል ማለት አይቻልም፤ ዓይኑ የሚያርፍበት አንድ ትልቅ ዓሣ፣ ማለትም ሚስቱ፣ ሁልጊዜ በፊቱ አለች። ገንዳው ሙሉ በሙሉ ይዞታው ስለሆነ እሷም ዞር የምትልበት ከይዞታው ውጪ የሆነ ሥፍራ የላትም። ጎረቤቱ በመስታወት በኩል ሲታይ ደግሞ ድንበሩ የት እንደሆነ ይታወቃል፤ የወንዱ ትኩረት ወደ ድንበሩ ይሄዳል፣ ሴቷ ከጀርባው በውስጠኛው ክልል ትቀራለች። ስለዚህ ትዝብቱ ከሎሬንዝ ትርጓሜ ይልቅ ለቦታው ክርክር ይመሰክራል።

እዚህ ላይ በጣም የሚከብደው ተቃውሞ ከማላዊ ሐይቅ ይመጣል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የማላዊ ሐይቅ የዓለት ሲክሊዶች በብዛት ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ገንዳዎች ሲላኩ አርቢዎቹ ያገኙት ዘዴ ቦታ ማስፋት ሳይሆን ማጣበብ ነበር። ጥቂት ዓሣ ያለበት ገንዳ አንድ ንጉሥ ይነግሥበታል፤ ሌላው ሁሉ ይሰቃያል። በርከት ያለ ዓሣ ሲገባ ግን ጠቡ ይበተናል። ጠቡ ስለ ቦታ ከሆነ ቦታ ሲጠብ መባስ አልነበረበትም? መልሱ ያለው ይዞታ ምን እንደሚያስከፍል በማየት ላይ ነው። ወራሪው በየደቂቃው አሥር ከሆነ፣ አንዱን ሲያባርር ዘጠኙ ከኋላው ይገባሉ፤ የማይጠበቅ ይዞታ ደግሞ ዋጋ የለውም። ዓሣው ቦታውን ትቶ ከሌላው ጋር ይዋኛል። መጣበቡ የሠራው ቦታን ከጠቡ ምክንያትነት ስላወጣው ነው፤ ይህም ዋናውን ነጥብ ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ውኃው ቶሎ ይቆሽሻል፣ ማጣሪያው መበርታት አለበት፣ መብራት ለአንድ ሌሊት ቢጠፋ ገንዳው በሙሉ ሊያልቅ ይችላል። በዚያ ላይ አብረው ጫጩት ለሚያሳድጉ ጥንዶች ጨርሶ አይሆንም፤ በተጨናነቀ ገንዳ የተፈለፈለ ጫጩት ሲመሽ የጎረቤት እራት ነው።

የዓሣ እርባታ ሙያም በራሱ መንገድ ወደዚሁ ደርሷል። ቆሮሶ የሚመደብበት የቲላፒያ ወገን የዓለም ምግብ የሆነው በቅርብ ዘመን ነው። የሞዛምቢክ ቲላፒያ በ1939 በኢንዶኔዢያ በጃቫ ደሴት ተገኘ፤ ከዚያም በእስያ ኩሬዎች ተስፋፋ። በ1965 የጃፓኑ አልጋ ወራሽ አኪሂቶ ለታይላንዱ ንጉሥ ቡሚቦል 50 ቆሮሶዎች ላኩ፤ የታይላንድ እርባታ ከእነዚያ ተነሣ። አርቢዎቹን ያስቸገራቸው ግን ሁለት ነገር ነው፤ ዓሣው በኩሬ ውስጥ ያለ ልክ እየተራባ መቀጨጩ፣ በማባዣ ገንዳ ደግሞ ወንዱ ሴቷን ማቁሰሉ። ለመጀመሪያው ሲ. ኤፍ. ሂክሊንግ በማላካ በ1960 መንገድ አገኘ፤ ሁለት ዝርያ ሲያዳቅል ጫጩቱ ሁሉ ወንድ ሆኖ ተገኘ። ኋላም ለጫጩት ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት ሆርሞን ያለበት መኖ በማብላት ሁሉንም ወንድ ማድረግ ተለመደ። ወንድ ብቻ የሞላበት ኩሬ የጠብ አውድማ መሆን ነበረበት የሚል ይኖራል፤ በጥቅጥቅ ኩሬ ግን አይሆንም፤ በማላዊዎቹ የታየው ምክንያት እዚህም ይሠራል። ለሁለተኛው ችግር የማባዣ ማዕከላት ለአንድ ወንድ ሦስት ያህል ሴት መደቡ፤ የወንዱ ማሳደድ በሦስት ስለሚከፈል አንዷ ብቻ አትጎዳም። አንዳንዶች ከዚህ አልፈው የወንዱን የላይ መንጋጋ የፊት አጥንት ይቆርጣሉ፤ ነክሶ እንዳይገድል። ይህ ልማድ መተው አለበት ብዬ አምናለሁ። ሴቷን ለሞት የሚያበቃት በጠባብ የሲሚንቶ ገንዳ ከአንድ ወንድ ጋር ያለ መሸሸጊያ መዘጋቷ ነው፤ አፉን መቁረጥ ገንዳውን እንደነበረ ትቶ ዓሣውን መቅጣት ይሆናል። እንቁላል የያዘችውን ሴት ወዲያው ማውጣት ወይም በመረብ መከለል ያንኑ ሥራ ያለ ደም ይሠራል።

ከዚህ ታሪክ በቤቱ ገንዳ ሲክሊድ የሚያኖር ሰው የሚወስደው ብዙ ነው። ከከፍታው ይልቅ የወለሉ ስፋት ይበልጣል፤ ይዞታ የሚለካው በወለል ነውና። ድንጋይና በጎኑ የተኛ የሸክላ ማሰሮ የሚቀመጠው ለጌጥ ተብሎ ሳይሆን ዓይን እንዲጋርድ ነው፤ አንዱ ዓሣ ከገንዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ማየት ከቻለ ገንዳው ሁሉ የእሱ ነው። አዲስ ዓሣ ሲገባ ድንጋዩን ሁሉ ማዘዋወር፣ መብራት አጥፍቶ ማስገባት ይጠቅማል፤ ነባሩ የሚጠብቀው የታወቀ ድንበር ስለማይኖረው ሁሉም ከአዲስ ይጀምራል። ወንዱን ማውጣት ይሻላል የሚለው ምክር እንደ ዝርያው ይለያያል። እንደ ቆሮሶ ሴቷ በአፏ በምትይዘው ዓይነት ላይ ትክክል ነው፤ ወንዱ ቢወጣ የሚጎድል ሥራ የለም። እንደ ጁዌል ሲክሊድ ባሉ፣ ሁለቱም ጫጩት በሚጠብቁት ላይ ግን ወንዱን ማውጣት የጫጩቱን ጠባቂ በግማሽ መቀነስ ነው፤ ለእነዚያ ቀዳዳ ያለው መከለያ ወይም ጎረቤት የሚያሳይ መስታወት ይሻላል። ሙቀትም ድርሻ አለው። ቆሮሶ ውኃው ከ22 ዲግሪ ሲወርድ መራባቱን ያቆማል ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በጭሮ ደጋማ አየር የተቀመጠ ያልሞቀ ገንዳ ከሚኤሶ ቆላ ገንዳ ይልቅ ጸጥተኛ ነው። በሌላ በኩል ቆሮሶ ራሱ ግማሽ ሜትር ሊሞላ የሚችል ዓሣ ስለሆነ ለሳሎን ገንዳ አይመከርም፤ ቦታው ኩሬ ነው።

ኩሬ ሲባል ደግሞ ወደ አገራችን ነገር እንመለሳለን። ምዕራብ ሐረርጌ የዓሣ አገር ካልሆነ ይህ ሁሉ ምን ያደርግለታል የሚል ሊኖር ይችላል። በደቡብ ወሎ ያለው የሐይቅ ሐይቅም በአንድ ወቅት ቆሮሶ አልነበረበትም፤ ዓሣው በሰው እጅ የገባው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ዛሬ የአካባቢው ሰው ይተዳደርበታል። ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከልም ለግድቦችና ለኩሬዎች ጫጩት ሲያዳርስ የኖረ ነው። በጨርጨር ቆላዎች የመስኖ ኩሬ በተቆፈረበት ሁሉ ቆሮሶ ማስገባት ቀላሉ ሐሳብ ነው። የቦታው ነገር ግን እዚህ በሌላ መልኩ ይነሣል። የአዋሽና የስምጥ ሸለቆ ቆሮሶ አንድ ንዑስ ዝርያ ነው፤ የፍልውኃው ሌላ ነው፤ የጣናውንም ሰይፉ ሥዩምና ኢርቪንግ ኮርንፊልድ በ1992 ለብቻው ለይተውታል። በአፋር ያለው የአፍዴራ ሐይቅ ደግሞ ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ የሚባል ከዚያ ሐይቅ በቀር የትም የማይገኝ ሲክሊድ አለው፤ ከ1928 እስከ 1929 ደንከልን ባቋረጠው በራይሞንዶ ፍራንኬቲ ስም የተጠራ ነው። የቆሮሶ ንዑስ ዝርያዎች ሲገናኙ በቀላሉ ይዳቀላሉ፤ ትልቁና ጉልበተኛው ወንድ ዳሩን ይይዛል፣ ትንሹ ወንድ ጉድጓድ ያጣል፣ ዘሩም በጥቂት ትውልድ ይዋጣል። በ1988 በፊሊፒንስ የተጀመረውና ዛሬ በዓለም ኩሬዎች በስፋት የሚረባውን የተሻሻለ ቆሮሶ ያስገኘው ሥራ ከአፍሪካ የዱር ዓሣ የወሰደው ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል ብቻ ነው፤ የኢትዮጵያ ዓሣ አልገባበትም። የእኛ ዓሣ በዚያ ሥራ ውስጥ መጠባበቂያ የለውም ማለት ነው፤ ያለው በራሱ ውኃ ውስጥ ነው። የዋቢ ሸበሌ ተፋሰስም የራሱ ዓሦች አሉት። ስለዚህ በሚኤሶም ሆነ በቦኬ ኩሬ የሚቆፍር ሰው፣ የሚያማክረው የግብርና ባለሙያም፣ ጫጩቱ ከየትኛው ውኃ እንደመጣ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በቤቱ ሲክሊድ የሚያረባም ገንዳው ሲጠብበት የተረፈውን ለሌላ አርቢ ይስጥ እንጂ ወደ ወንዝና ወደ ምንጭ አይልቀቅ።